ዋናው ሽቦው ነው ይላሉ ፉንዲ ጅሎ

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ እንዲህ ያለ ሰው አለው። እሱ ሳያይልህ የገዛኸው ዕቃ ወይ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ተወዶብሃል፣ ወይ ነገ ይበላሻል። ፍሪጅ ስትገዛ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ የሚዘጋው፣ ጫማ ስትገዛ ሶሉን አጥፎ የሚያሸተው፣ ፍየል ስትገዛ ከፍየሉ ይልቅ የሻጩን ፊት የሚመረምረው እሱ ነው። ማንም አልጠራውም፤ ሂድ የሚለው ግን የለም። በሌላ ከተማ ይህ ሰው ከመርፌ እስከ መኪና ሁሉም ነገር ውስጥ ይገባል። በኬንያዋ ሞያሌ የሚገኘው ማንያታ ሰፈር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የዚያ ሰፈር ሰው የያዙት አንድ ዘርፍ ብቻ ነው። ሽቦ።

ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር ወልዑል ፉንዲ ጅሎ፣ ሊቀ ሽቦ ዘማንያታ ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው አካል የለም፤ ሲራመዱ ያያቸው ሰው ራሱ ይጨምርላቸዋል። ‘ፉንዲ’ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው፤ እሳቸው በገዛ እጃቸው ሲሠሩ ያየ ግን ጥቂት ነው። ዋና ሥራቸው ሌላው ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ በረጅሙ መተንፈስ ነው። በኮታቸው ቀኝ ኪስ ምላጭና ላይተር፣ በግራው ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ጥቅል ናስትሮ አለ። የሞያሌ ፀሐይ ድንጋይ ቢያቀልጥ ኮቱን አያወልቁም፤ ኪሶቹን የት ያደርጓቸዋል?

ሥልጣናቸው የመጣው ከዋልዳ ነው። ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ በነበረበት ዘመን የጀኔሬተር ኃላፊ ነበርኩ ይላሉ። ክፉ ጎረቤቶች ደግሞ ዘበኛ ነበሩ እንጂ ጀኔሬተሩን እንዲነኩ እንኳ አልተፈቀደላቸውም ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ አንድን ማሽን ለዓመታት ቆሞ ማየትም ትምህርት ነው። ፉንዲ ጅሎ ከዋልዳ የተመለሱት በጽኑ እምነት ነው። “ዋናው ሽቦው ነው” የሚል እምነት።

ዲዳ የሚባል ጎረቤታቸው ቴሌቪዥኑ ሲንቀጠቀጥበት ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ያዞር ነበር። ክቡርነታቸው ከታች ቆመው “ዋናው ሽቦው ነው” አሉ፤ እውነትም ሽቦው በር ሥር ተቀርቅሮ ተገኘ። የአሻ ሞባይል ቻርጅ አልይዝ ሲል “ዋናው ሽቦው ነው” አሉ፤ ይኼም ልክ ነበር። የአዳን ሚስት አኩርፋ ቡቲዬ መንደር እናቷ ቤት ስትገባ፣ ሰው ሽማግሌ ሲያፈላልግ፣ እሳቸው የአዳንን ማድቤት ጎብኝተው ተመለሱና ያንኑ ቃል ተናገሩ። ማድቤቱ ድረስ ሽቦ አልተዘረጋም፤ ሴትየዋ በኩራዝ ነው የምታበስለው። አዳን እየሳቀ አምፖል አስገባ። ሚስቱ በሳምንቷ ተመለሰች። የመለሳት አምፖሉ ይሁን ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ አልተጣራም፤ ፉንዲ ጅሎ ግን ማጣራቱን አልጠበቁም።

ስለዚህ ረምዚያ ሰኞ ጠዋት የስፒከር ሽቦ ልትገዛ ስትወጣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ስባ፣ በዋናው መንገድ ሳይሆን በጓሮ በኩል መሄዷ አይገርምም።

ረምዚያ የጨርቅ ነጋዴ ናት። ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል መጥታ ማንያታ ከከተመች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ነጅመዲን ከብት ጭኖ ናይሮቢ ይመላለሳል፤ ቤቱን፣ ሱቁንና እናቷን እትዬ ሻሚን የያዘችው እሷ ናት። ቶሎ ወስና ቶሎ የምትጨርስ ሴት ናት። ደንበኛ አንዱን ሻሽ አሥር ጊዜ ሲያገላብጥ እንኳ ደሟ ይፈላል። ፉንዲ ጅሎን ደግሞ ከሩቅ ስታያቸው ሰዓቷን ታያለች።

ይኼን ሳምንት ግን የምትጣደፍበት ምክንያት አላት። እናቷ እትዬ ሻሚ በጉልምስናቸው መንዙማ መሪ ነበሩ። በመውሊድ ቀን ድቤ ይዘው ሲቀመጡ ሴቱ ሁሉ ዙሪያቸውን ይከባል፤ አንድ ስንኝ ሲያወርዱ ቤቱ በሙሉ ይቀበላቸዋል። ሁለት ዓመት ሆነ፣ ጆሯቸው ከዳቸው። መጀመሪያ ስልክ ላይ ‘እህ?’ ማለት አበዙ፣ ቀጥሎ ገበያ መውጣት ተዉ፣ አሁን ጨርሰው ዝም አሉ። ረምዚያ በጆሯቸው ተጠግታ ካልጮኸች አይሰሙም፤ እሷ ስትጮህ ደግሞ የተቆጣች ስለሚመስላቸው ያዝናሉ። ሐኪሙ መርምሮ “ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ሄዷል፤ ወፍራሙ ገና አለ” አላት። የሴትና የልጅ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ የወፍ ጩኸት ሁሉ ጠፍቷል። የጭነት መኪና ሲያልፍ ግን ዘወር ይላሉ።

ዘወር ሲሉ ያየችው ዕለት ነው ረምዚያ ያ ሐሳብ የመጣላት። የድቤ ድምፅ ወፍራም ነው። እማዬ ድቤውን ትሰማለች። በስልክ ሞከረችው፤ ስልኩ የትንኝ ያህል ጮኸ፣ እናትየው ስልኩን ገልብጠው አዩና መለሱላት። ትልቅ ስፒከር ያስፈልጋል። ዕድል ሆኖ መምህርት ሮዝ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ዕቃዋን ስትሸጥ፣ ቁመታቸው እስከ ወገብ የሚደርስ ሁለት ስፒከሮች ያሉት አሮጌ ዴክ ለረምዚያ ደረሳት። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሽቦውን አይጥ በልቶታል።

መውሊድ ሐሙስ ነው። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ረምዚያ ቤት ይሰበሰባሉ። እትዬ ሻሚ ግን እሑድ ዕለት ቁርጣቸውን ተናግረዋል፤ “ሴቶቹ ሲመጡ እኔ ጓዳ እሆናለሁ። የሰው ከንፈር እያየሁ ልሳቅ እንዴ?” ይህ ንግግር ረምዚያን አላስተኛትም። መንዙማ ይመሩ የነበሩት እናቷ፣ በመውሊድ ቀን፣ መጋረጃ ጀርባ። ሐሙስ ያ ድቤ መጮህ አለበት።

የኢሳቅ የግንባታ ዕቃ መደብር ደርሳ ሻሿን ከአፍንጫዋ ስታወርድ ክቡር ፉንዲ ጅሎ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ሻይ ይጠጡ ነበር።

“ሰላም ነው ልጄ? ለስፒከር ነው አሉ” አሏት።

ማን አለ ብላ አልጠየቀችም። ዴኩን በሞተር ያመጣላት ሰው ማንያታ ውስጥ ነው የሚኖረው።

ኢሳቅ ቀይና ጥቁር የሆነ ቀጭን መንታ ሽቦ አወጣ። ረምዚያ “ቁረጥልኝ” ከማለቷ ፉንዲ ጅሎ ሽቦውን በሁለት ጣታቸው አሽተው መልሰው አስቀመጡት። “ይኼ የበር ደወል ሽቦ ነው። ደወል አንዴ ጮኾ ያርፋል። ድቤ ግን አያርፍም። በዚህ ከላክሽው ድምፁ መንገድ ላይ ይደክማል፤ ስፒከሩ ጋ የሚደርሰው ቀጭን ቀጭኑ ብቻ ነው።”

ቀጭን ቀጭኑ ሲሉ ረምዚያ ደነገጠች። እሷ የሸሸችው እሱን ነው። “እሺ ወፍራም ስጠኝ” አለችው ኢሳቅን።

ኢሳቅ ለቤት መስመር የሚዘረጋውን ወፍራም ሽቦ ጎትቶ አመጣ። ፉንዲ ጅሎ ጫፉን ላጡት። “ግን ውስጡን አየሽው? አንድ ድፍን ነው። ይኼ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ለሚኖር ነው። ስፒከር ቤት በተጠረገ ቁጥር ይነሳል ይቀመጣል፤ ሁለቴ ሲታጠፍ ይሰበራል። እኛ የምንፈልገው ክሩ ብዙ የሆነውን፣ እንደ ፀጉር የተገመደውን ነው።”

‘እኛ’ መባሏ ደስ አላላትም። ቢሆንም ኢሳቅ ሦስተኛውን ሲያወጣ ሁሉንም ረሳችው። እንደ መስተዋት የሚያሳልፍ ላስቲክ የለበሰ፣ ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ ጣት የሚያህል ሽቦ ነው። ክሩም ብዙ ነው። ረምዚያ የጨርቅ ነጋዴ ስለሆነች ቆንጆ ነገር ታውቃለች፤ “በቃ ይኼ ነው” አለች።

ክቡርነታቸው ምላጩን አወጡ። አንዷን ክር ከሌሎቹ ለይተው በቀስታ ፋቅ ፋቅ አደረጓት። ቀዩ ተላጠና ነጭ ወጣ። “መዳብ ተቀብቷል እንጂ መዳብ አይደለም። አሉሚኒየም ነው።” ላይተሩን ለኮሱና ክሯን እሳቱ ላይ ያዟት፤ ቀልጣ ወደቀች። “ሃ” አሉ።

“ሙዜ፣ ሱቄን ልታቃጥሉት ነው?” አለ ኢሳቅ ሽማግሌውን።

“የጎደለህ እሳት አይደለም ኢሳቅ፣ መዳብ ነው። ደህናው መቼ ይመጣል?”

“ባዶ” አለ ኢሳቅ ትከሻውን ሰብቆ።

‘ባዶ’ በስዋሂሊ ‘ገና ነው’ ማለት ነው። በአማርኛ ትርጉሙ የታወቀ ነው። ረምዚያ በሁለቱም ቋንቋ ተናደደች።

ማክሰኞ ከእንቅልፏ ስትነሳ ክቡርነታቸው ደጃፏ ላይ ነበሩ። ርዝመት ሳይለካ ሽቦ አይገዛም። ረምዚያ “ከዴኩ እስከ ወዲያኛው ስፒከር አራት እርምጃ ነው” ስትል አዘኑባት። ሽቦ ወፍ አይደለም፣ በአየር አይሄድም፤ በግድግዳው ሥር ሄዶ፣ በበሩ ዙሪያ ተጠምጥሞ ነው የሚደርሰው። የጨርቅ መለኪያ ሜትሯን ተቀብለው ቤቱን በጉልበታቸው እየዳኹ ለኩት። አልጋ ሥር ገብተው ሲወጡ ከሁለት ዓመት በፊት የጠፋውን የነጅመዲንን የቀለበት ሣጥን ይዘው ወጡ፤ እሱን ግን እንደ ጉዳይም አልቆጠሩት።

“አንዱ ሁለት ሜትር፣ አንዱ ስድስት። ሁለቱንም ስድስት ስድስት እንቆርጣለን” አሉ።

“ለምን? አንዱ እኮ አጠገቡ ነው።”

“እኩል ካልሆነ አንዱ ይቀድማል።”

“ይቅደምና ሌላውን ይጠብቀው” አለች ረምዚያ። ሽማግሌው እንደ ተሰደበ ሰው አይተዋት ስድስት ስድስት ብለው ጻፉ።

እትዬ ሻሚ ከግቢው ጫፍ ተቀምጠው በተከፈተው በር ይኼን ሁሉ ያያሉ። አንድ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ለምን መሬት እንደሚድህ አልጠየቁም። መጠየቅ ከተዉ ቆይተዋል። ረምዚያ ይኼን አይታ አዘነች፤ ወዲያው ደግሞ ተስፋዋ ተመለሰላት። ሁለት ቀን ብቻ ቀረ።

ረቡዕ ሁለቱም ወደ ኢትዮጵያ በኩል ተሻገሩ። ኬላው ላይ አንድ ፈታሽ ፉንዲ ጅሎን “ለምን ጉዳይ?” ብሎ የመጠየቅ ስህተት ሠራ። ከደወል ሽቦ ጀመሩለት። ወደ ድፍኑ አለፉ። አሉሚኒየም ላይ ሲደርሱ ከኋላ ያለው ሰልፍ መንገድ ዘግቶ ነበር። ፈታሹ ግንባሩን ይዞ “እለፉ አባቴ፣ እለፉ” አላቸው፤ ረምዚያ አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ከኬላው ማዶ ባጃጅ ያዙ። ይኼን የማያውቅ ሰው ይኖር ይሆናል፤ በኬንያ መኪና የሚነዳው ግራውን ይዞ፣ በኢትዮጵያ ቀኙን ይዞ ነው። ሞያሌ ላይ ይህ የሚለወጠው መሐል ከተማ ነው። ስለዚህ ሾፌሮቹና ተሳፋሪዎቹ ግራና ቀኝ ማለት ትተዋል፤ ‘ኬንያ ያዝ’ ከተባለ ግራ፣ ‘ኢትዮጵያ ያዝ’ ከተባለ ቀኝ ነው። ፉንዲ ጅሎ ባጃጁን እስከ ጃቢር የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ “ኢትዮጵያ፣ ኢትዮጵያ፣ አሁን ኬንያ” እያሉ መሩት።

ጃቢር አራተኛውን ጥቅል ከመደርደሪያ ሲያወርድ ረምዚያ ራሷ ከሽማግሌው ቀድማ እጇን ዘረጋች። ከባድ ነው። ሁለት ነጥብ አምስት የሚባለው ውፍረት ነው፤ ክሩ ብዙ፣ ልስልስ፣ ሁለት ሆኖ የተጣበቀ፣ መልኩ ሁለቱም ጥቁር፣ አንደኛው ላይ ብቻ ነጭ ሰረዝ ከዳር እስከ ዳር የሄደበት። ፉንዲ ጅሎ ፋቁት፤ ቀይ ነው። ደግመው ፋቁት፤ አሁንም ቀይ። ለኮሱት፤ ጠቆረ እንጂ አልወደቀም። ክቡርነታቸው ምላጩንና ላይተሩን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ።

“ይኼ ነው” አሉ በመጨረሻ።

ረምዚያ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ሽቦ አይታ እንዲህ ትደሰታለች ብሎ ማን ይገምታል። እየተመለሱ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ባጃጁ በተንገጫገጨ ቁጥር እጇን ትጭንበት ነበር። ነገ በዚህ ሰዓት እማዬ ሳሎን ተቀምጣለች እያለች ታስባለች።

ሐሙስ እንደ ሐሙስነቱ ሁሉ ነገር ዘገየ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሄዶ የመጣው ከዙሁር ሶላት በኋላ ነው። ሴቶቹ መምጣት ጀምረዋል፤ አሻና ፈርሂያ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ነው። ሽቦው ደግሞ ገና አልታሰረም፤ ፉንዲ ጅሎ በግድግዳው ሥር ሲያስተካክሉት ነው ያረፈዱት። ስፒከሮቹ ከኋላ ሽቦ የሚታሰርባቸው ሁለት ሁለት ብሎኖች አሏቸው፤ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር መሆን ነበረበት፣ ግን ዕድሜ ሁለቱንም አንድ ዓይነት የዝገት ቀለም አድርጓቸዋል።

“ግድ የለም፣ አቀማመጡን አውቀዋለሁ” አሉ ሽማግሌው፣ ጊዜ ስላጠረ አንዱን ስፒከር ራሳቸው ይዘው ሁለተኛውን ለረምዚያ እየሰጡ። “ባለ ሰረዙን ኬንያ አድርጊው፣ ልሙጡን ኢትዮጵያ።”

ረምዚያ ከስፒከሩ ጀርባ ተንበረከከች። ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። በስተቀኟ ወደ መሐል ኬንያ፣ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው መንገድ ነው፤ በስተግራዋ ወደ ኢትዮጵያ የሚያሻግረው ኬላ። ባለ ሰረዙን ወደ ማርሳቢት፣ ልሙጡን ወደ ኬላው አሰረችና ብሎኖቹን አጠበቀች።

እናቷን ከጓዳ እጃቸውን ይዛ ነው ያወጣቻቸው። “ለትንሽ ጊዜ፣ ለኔ ብለሽ” አለቻቸው በጆሯቸው። እትዬ ሻሚ ነጭ ሻሻቸውን አስተካክለው ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ረምዚያ መንዙማው ያለበትን ፍላሽ ሰካች። ከፈተችው።

ድምፁ ወጣ። የመሪው ስንኝ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ተቀባዮቹ ይሰማሉ፣ ጭብጨባው ይሰማል። አንድ ነገር ግን የለም። አሻ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና “ድቤው የት ሄደ?” አለች።

ረምዚያ ድምፁን ጨመረች። ጭብጨባው ጆሮ ወጋ፤ ድቤው ግን ከሩቅ ጎረቤት ቤት እንደሚመታ ያህል ነው። የእናቷን ፊት አየች። እትዬ ሻሚ ፈገግ ብለዋል። ያችን ፈገግታ ረምዚያ ታውቃታለች፤ ምንም ሳይሰሙ ሰውን ላለማሳዘን የሚያወጧት ናት።

“ጥሩ ነው ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ” አሉና ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። የጓዳው መጋረጃ ከኋላቸው ተዘጋ።

ረምዚያ ዴኩን አጠፋችው። አፈረች፣ ተናደደች፣ ከሁሉም በላይ ግን አዘነች። በር አጠገብ ወደቆሙት ሽማግሌ ዞረች። “ሦስት ቀን ፉንዲ። ሦስት ቀን ሙሉ ሽቦ ሲፈትሹ። ሰኞ የኢሳቅን ገዝቼ ቢሆን ከዚህ ምን ይለይ ነበር?”

የፉንዲ ጅሎ ፊት የተመታ ሰው ፊት ሆነ። ወደ ግድግዳው ሄደው ሰዓቱን አወረዱ፣ የባትሪ ድንጋዩን አወጡ፣ ሽቦዎቹን ከዴኩ ፈቱ። ተንበርክከው ባለ ሰረዙን ጫፍ በድንጋዩ ራስ፣ ልሙጡን በቂጡ ነካ አደረጉ። የመጀመሪያው ስፒከር ጥቁሩ ክብ ‘ጠቅ’ ብሎ ወደ ውጭ ገፋ። ሁለተኛውን ነኩት። ‘ጠቅ’ አለ፤ ወደ ውስጥ ገባ።

ሁለቱንም ደገሟቸው። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል።

“እርስ በርስ ይበላላሉ። ወፍራሙን ድምፅ ነው የሚበሉት። ባለ ሰረዙን የት አደረግሽው?” አሉ ቀስ ብለው።

“ያሉኝ ቦታ። ኬንያ።”

“የቱ ኬንያ?”

ረምዚያ በመስኮቱ ወደ ማርሳቢት መንገድ በእጇ አሳየቻቸው።

“ኬንያ ማለት ግራ ነው” አሉ ሽማግሌው።

“ኬንያ ማለት ኬንያ ነው፤ መንገዱ ያውና።”

ፈርሂያ እዚያው ሞያሌ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሁለቱንም አይታ “ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። አሁን ቀይሩት” አለች።

ካቻቪቴው ከኮቱ ወጣ። ረምዚያ የሽማግሌውን እጅ ሳትጠብቅ ቀምታቸው ራሷ ፈታች፣ ራሷ አሰረች። ሽቦዎቹን ወደ ዴኩ መለሱ። ከፈተችው።

ድቤው መጣ። በጆሮ ብቻ አልነበረም፤ በእግር ሥር፣ በደረት በኩል ነው የመጣው። ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተነካኩ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞሩ። መጀመሪያ የታየው እጅ ነው፤ መጋረጃውን ይዞ ቆመ፣ ጣቶቹ በድቤው ልክ ጨርቁን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ እትዬ ሻሚ ወጡ። ቀጥ ብለው ወደ ስፒከሩ ሄደው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ አሳረፉ። ትንሽ አዳመጡ።

“መቺው ጥሩ ነው” አሉ ጮክ ብለው። “ግን ይቸኩላል።”

አሻ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ረምዚያ ያለቀሰችው ያኔ ነው፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ። እትዬ ሻሚ ማጨብጨብ ጀመሩ። ድቤውን ተከትለው በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ስንኝ አወረዱ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ዜማው ግን አልጠፋባቸውም። ቤቱ በሙሉ ተቀበላቸው።

ሦስተኛው መንዙማ መሐል ላይ መብራት ሄደ።

ድቤው ተቋረጠ። እትዬ ሻሚ ሊያጨበጭቡ የከፈቱት እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ስፒከሩን አዩት፣ ልጃቸውን አዩ፣ የሴቶቹ ከንፈሮች ሲንቀሳቀሱ አዩ፤ ያች ፈገግታ ልትመለስ ስትል ረምዚያ አየቻት።

“መብራት ነው የሄደው አኮ” አሉ ፉንዲ ጅሎ ከበሩ። እሳቸው እንደ አገሬው አሮጊትን ‘አኮ’ ነው የሚሉት፤ አያት ማለት ነው። “በእኛ በኩል ጥፋት የለም።”

“ታዲያ ማን ከሰሰህ?” አሉ እትዬ ሻሚ።

መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ከዚያ ረምዚያ ቀስ ብላ ዞረች። ሽማግሌው ቆመው የነበሩት በሩ ላይ፣ አምስት እርምጃ ርቀው ነው። አልጮኹም። ጆሮ ላይ አልተጠጉም።

ስለ ክቡርነታቸው ድምፅ እስካሁን አልተነሳም። ሰው ከሽቦው ይልቅ የሚሸሸው እሱን ነበር። ከደረታቸው ሥር ተንከባልሎ የሚወጣ፣ ጎርናና፣ ግድግዳ የሚያልፍ ድምፅ ነው፤ ሲያወሩህ አልሰማሁም ማለት አይቻልም። መንገድ ዳር ቆመው ሲያስረዱ የሱቁ ቆርቆሮ ይነዝራል። በማንያታ ካለ የሰው ድምፅ ሁሉ እንደዚያ ወፍራም የለም።

“የከሰሰኝ የለም አኮ” አሉ ፉንዲ ጅሎ፣ የሆነውን ከሁሉም በኋላ የተረዱት እሳቸው ናቸው፤ “ሰው እንዳይሳሳት ብዬ ነው። መብራት ሲመለስ እንደገና ይጮኻል። ሽቦው ንጹሕ መዳብ ነው። ኢሳቅ የሰጠን ግን ተቀብቶ ነበር፤ ፍቄ ሳየው ነጭ ወጣ…” እዚህ ላይ በልምድ ቆሙ። ብዙውን ጊዜ ሰው እዚህ ላይ ሲደርሱ አንድ የረሳው ጉዳይ ትዝ ይለዋል።

እትዬ ሻሚ ግን ሻሻቸውን ከጆሯቸው ላይ ገፋ አድርገው፣ ምንጣፉ ላይ ወደ ሽማግሌው ዞረው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው የሽማግሌውን ከንፈር አያይም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ፊታቸውን ያያል።

“እሺ” አሉ እትዬ ሻሚ። “ነጭ ወጣ። ከዚያስ?”

ፉንዲ ጅሎ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። በዚህ ዕድሜያቸው ‘በቃ’ የሚላቸው እንጂ ‘ከዚያስ’ የሚላቸው ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። ረምዚያ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ትልቁን ወንበር፣ ነጅመዲን እንኳ ከናይሮቢ ሲመለስ ብቻ የሚቀመጥበትን፣ እየጎተተች አምጥታ ከእናቷ ፊት ለፊት አስቀመጠችላቸው።

“ይቀመጡ ፉንዲ” አለች ዓይኗን እየጠረገች። “ከደወሉ ሽቦ ይጀምሩላት።”